ይርጋ የሠራው የመሪ ቁልፍ

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ፣ አረፋ ባለፈ ሰሞን፣ መርሳ ላይ መኪና ያለው ሰው ሁሉ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ጦርነቱ ወደ ቆቦ ተጠጋ ከተባለ ወዲህ ከሰሜን የሚሸሸው ሰው ፍራሹንና ልጁን ተሸክሞ ከተማዋን ሞላት። ወልዲያ ላይ አንድ ሚኒባስ ከባለቤቱ ደጅ ጠፋ። ወዲያው ውርጌሳ ላይ የአንድ ነጋዴ ላንድክሩዘር ጠፋ። አንዱ "የለመደ ሌባ ነው" ይላል፤ ሌላው "ታጣቂ ነው" ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጎረቤቱን ስም ይጠራል።

ይርጋ በመነኻሪያው አጠገብ የብየዳ ቤት ያለው፣ ቁጥብ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። በር፣ መስኮት፣ የጋሪ ብረት ይሠራል። አንድ ቀን የእህል ነጋዴው ሐጂ ሲራጅ አይሱዙአቸውን ራሳቸው እየነዱ መጡና ደጁ ላይ አቆሙ። ሹፌራቸው ሂሻም አብሯቸው አልነበረም።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ይርጋ።"

"ወአለይኩም ሰላም፣ ሐጂ። ምነው ዛሬ ብቻዎን?"

"ሆን ብዬ ነው።" ወደ ውስጥ ገብተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መሪውን የሚያስርልኝ ነገር ሥራልኝ። ማንም ሰው፣ ወላሂ ማንም፣ ያለ እኔ ፈቃድ ይችን መኪና እንዳያንቀሳቅስ። ሂሻምም ቢሆን።"

"ሂሻም ምን አደረገ?"

"እስካሁን ምንም። እናቱ ወልዲያ ናት፣ በሽተኛ ናት። 'መኪናውን ስጡኝና ላምጣት' ይለኛል። ወደ እሳት መኪና ይላካል? እምቢ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላመንኩትም።"

ይርጋ ሥራውን ያዘው። በመጀመሪያ መሪውን ከወንበሩ እግር ጋር በሰንሰለት አሰረ፤ የብረት መቀስ ያለው ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚበጥሰው ሲያውቅ ግን ተወው። ቀጥሎ በመሪው ላይ አግድም የሚያርፍ፣ ጫፉ ከበሩ ጋር እየተጋጨ መሪውን አላዞር የሚል ረጅም ብረት ሠራ። ደስ ብሎት ሊያስረክብ ሲል፣ እስቲ ሌባ ብሆን ብሎ አሰበ። ከአሮጌ መኪና የተፈታ መሪ አንሥቶ ብረት መቁረጫ ሲጌቶውን አሳረፈበት። መሪው ከጎማ ልባሱ ሥር ቀጭን ብረት ነው፤ ትንሽ እንደገዘገዘው ተቆረጠ። የተቆረጠውን ጎንበስ ሲያደርገው ያ ሁሉ ወፍራም ብረት ሾልኮ ወጣ።

"መሪውን ብቻ ማሰር ዋጋ የለውም" አለ ለሚስቱ ለሔዋን፣ ምሳ ይዛለት ስትመጣ። "ሌባው መሪውን ቆርጦ የተቆረጠውን መሪ ይዞ ይነዳል።"

"እግሩንስ?" አለች ሔዋን።

"የምን እግር?"

"የሚረግጠውን ነዋ። አንተ ስትነዳ እግርህ አያርፍም።"

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለው። ከታች በኩል የፍሪሲዮኑን ፔዳል አንገት የሚይዝ መንጠቆ፣ ከላይ ደግሞ የመሪውን ክንዶች ከመሐል አቅፎ የሚገጥም እንደ መዳፍ ያለ ብረት ሠራ፤ ሁለቱንም በአንድ ዘንግ አገናኘ። ሲቆለፍ ፍሪሲዮኑ አይረገጥም፤ መሪውም አይዞርም፤ ዙሪያው ቢቆረጥ እንኳ መሐሉ አይለቅም። ጓጉንቸሩን በወፍራም ቱቦ ውስጥ ከትቶ፣ ለቁልፍ ብቻ የምትሆን ቀዳዳ ከታች ተወለት። የብረት መቀስ አፉን የሚያስገባበት ቦታ የለም። ይርጋ ራሱ ዲጂኖ ይዞ ሲታገለው ዋለና ላቡን እየጠረገ ሳቀ።

ሐጂ ሲራጅ ሊረከቡ ሲመጡ አልሳቁም። "ቁልፎቹ?" አሉ።

ይርጋ ከጓጉንቸሩ ጋር የመጡትን ቁልፎች ሁሉ እጃቸው ላይ አኖረ። ሐጂ አገላብጠው አዩአቸው፤ ከዚያ ይርጋን አዩት። "ሌላ አላስቀረጽክም?"

"ሐጂ፣ እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ምን ያደርግልኛል?"

"አብሽር፤ መጠየቅ ደግ ነው ብዬ ነው" አሉ። ቃሉ ግን ይርጋ ሆድ ውስጥ ቀረ።

ወሬው ተሰማና ሌሎችም መጡ። ለሚኒባስ፣ ለአይሱዙ፣ ወደ ግራና ከተማ ገበያ ዕቃ ለምታመላልሰው ለባለ ሱቁ ለገበየሁ ፒካፕ ሠራላቸው። ጓጉንቸሮቹን የሚገዛው የቤት ዕቃ ከምትሸጠው ከዘሀራ ሱቅ ነበር። ሂሻም በእነዚያ ቀናት ይርጋ ዘንድ እየመጣ ይቀመጣል፤ ሥራውን እያየ ዝም ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ "በውኑ ይሄ ያለ ቁልፉ አይከፈትም?" ብሎ ጠየቀ።

"አይከፈትም" አለው ይርጋ በኩራት።

አንድ ማለዳ የገበየሁ ፒካፕ ከሱቁ ደጅ ጠፍታ አደረች። አሮጌ ስለሆነች ሞተሯ በየትኛውም ጠፍጣፋ ብረት ይነሣል፤ ገበየሁ የተማመነው በይርጋ ቁልፍ ነበር። መቆለፊያው መንገዱ ዳር በሥርዓት ተቀምጧል። አልተቆረጠም፤ አልተሰበረም። ጓጉንቸሩ ተከፍቷል። የገበየሁ ቁልፎች አንዱ አንገቱ ላይ፣ ሌሎቹ ሳጥኑ ውስጥ ናቸው። ሂሻምም ከቤቱ የለም።

"ሂሻም ነው የወሰዳት" አለ ገበየሁ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ። "ይሁን። ግን በምን ከፈተው? ቁልፉን ማን ሰጠው?"

 ዓይን ሁሉ ወደ ብየዳው ቤት ዞረ።

ያን ቀን ይርጋ ዘንድ ሥራ ይዞ የመጣ የለም። የመነኻሪያው ሰዎች ሰላምታውን በአንገታቸው ብቻ መለሱ። ሻይ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ጨዋታው ቆመ፤ አንዱ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። "ሲጠጡ ነበር አብረው" የሚል ድምፅ ከበስተኋላው ሰማ። በዚያ ሰሞን ሰርጎ ገብ አለ እየተባለ መንገደኛው ሁሉ ሲፈተሽ፣ ዛሬ የተጠረጠረ ሰው ነገ ምን እንደሚባል ማንም አያውቅም።

ቤቱ ሲገባ ሔዋን በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"እውነቱን ንገረኝ" አለችው። "አዝነህለት ሰጥተኸው ይሆን? እናቱ ታማበት..."

"አንቺም?"

"እኔ ሚስትህ ስለሆንኩ ነው የምጠይቅህ። ሌላው አይጠይቅህም፤ ፈርዶብሃል።"

"አልሰጠሁትም፤ ማርያምን።"

ፊቱን አጥብቃ አየችው። አመነችው ይሁን አላመነችው አላወቀም።

በማግስቱ ገበየሁ የተጣለውን መቆለፊያ አምጥቶ ደጁ ላይ ወረወረለት። ይርጋ አንሥቶ መረመረው። የቁልፉ ቀዳዳ አልተጫረም፤ ሽቦ አልገባበትም። ቆለፈው። ግራ ገብቶት ሲያስብ ሲያስብ፣ በእጁ የያዘውን የብየዳ ቤቱን በር ቁልፍ ወደ ቀዳዳው ከተተው። ለምን እንዳደረገው አላወቀም። አዞረው። ጓጉንቸሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

ይርጋ መሬት ላይ ተቀመጠ። የበሩ ጓጉንቸር የተገዛው ከዚያው ከዘሀራ ሱቅ፣ ከዚያው ካርቶን ነው። መልካቸው አንድ፣ ቁልፋቸውም አንድ! ያን ያህል ቀን መሪና ፔዳል ሲያስር፣ ቱቦ ሲያወፍር ከርሞ፣ የዕቃውን ልብ ሳይፈትሽ ቀርቷል። ከዚያም የባሰው ነገር መጣበት፤ የሰው መኪና የሚከፍት ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ ሲዞር ኖሯል። ይህን ቢናገር ማን ያምነዋል? ዝም ቢል ደግሞ ዛሬም ነገም ሌላ መኪና ይጠፋል።

ተነሥቶ ወደ ሐጂ ሲራጅ መጋዘን ሄደ። ሐጂ አይሱዙአቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

"ሐጂ፣ የሠራሁት ሥራ ጉድለት አለበት። ይዩት" አለና በራሱ የበር ቁልፍ የአይሱዙውን መቆለፊያ ከፈተው።

ሐጂ ሲራጅ ጎንበስ ብለው ቁልፉን አዩት። ፊታቸው ተለዋወጠ። "ይሄን ቁልፍ ከየት አመጣኸው?"

"የቤቴ በር ነው። ጓጉንቸሮቹ ቁልፋቸው ይመሳሰላል። አላወቅሁም ነበር።"

"አላወቅህም።" ሐጂ ተነሡ። "የሁላችንን መኪና የሚከፍት ቁልፍ ኪስህ ውስጥ ተገኘ፤ አላወቅህም። ሂሻም ደጅህ ላይ ሲቀመጥ ከርሞ መኪና ይዞ ጠፋ፤ አላወቅህም። ኧረ በአላህ፣ ይርጋ!"

"ደብቄ ቢሆን ኖሮ ለምን መጥቼ አሳይዎታለሁ?"

"እሱን ለሰው ተናገር" አሉና የሰፈሩን ጠባቂዎች ጠሩ።

ጠባቂዎቹ አልመቱትም፤ ብቻ ቁልፉን ቀምተው አንድ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ አስቀመጡት፤ ነገሩ እስኪጣራ ተባለ። ሔዋን ምግብ ይዛ ስትመጣ በበሩ ክፍተት ሁሉን ነገራት። ምግቡን አቀብላው ፈጥና ሄደች።

የሄደችው ወደ ሐጂ ሲራጅ ቤት ነበር፤ ወደ ሐጂ ሳይሆን ወደ ባለቤታቸው ወደ ከድጃ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ዕድር ያሉ፣ ወልደው የተጠያየቁ ናቸው።

"ከድጃ፣ የጓዳሽ ጓጉንቸር ከየት የተገዛ ነው?"

"ከዘሀራ ነዋ። በዚህ ወር በሩን ያልቆለፈ ማን አለ? ሁሉም የገዛው ከእሷ ነው።"

"ቁልፉን ይዘሽልኝ መጋዘኑ ድረስ ትመጫለሽ?"

ከድጃ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። በየደጁ እየዞሩ ሌሎች ሴቶችንም ጠሩ፤ አሰለፈች መጣች፣ አለሚቱም መጣች። ቁልፋቸውን በእጃቸው ይዘው መጋዘኑ ግቢ ሲገቡ፣ ሐጂ ሲራጅና ገበየሁ ከጠባቂዎቹ ጋር ሲነጋገሩ ነበር።

"ምን ፈለጋችሁ?" አሉ ሐጂ።

ከድጃ ባሏን አልፋ ሄደች። ወደ አይሱዙው ወጣች። የጓዳዋን ቁልፍ ሐጂ መልሰው በቆለፉት መቆለፊያ ቀዳዳ ከተተችና አዞረች። መቆለፊያው እጇ ላይ ወደቀ።

መልሰው ቆለፉት። አሰለፈች ሞከረች፤ የእሷ እምቢ አለ። የአለሚቱ ከፈተ።

"እንግዲህ እሱን ካሰራችሁ እኔንም እሰሩኝ" አለች ከድጃ። "ቁልፉ እኔም ዘንድ አለ።"

ይርጋን ፈቱት። ደስታ ግን አልሆነም። እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ቁልፉን ጨብጦ የጎረቤቱን እጅ ያይ ጀመር። ያን ዕለት ሰው ወደ ቤቱ ሮጦ የጓዳውን ጎተራ፣ የሱቁን ዕቃ ቆጠረ። ዘሀራ "እኔ ምን አውቄ? እኔም እንደ እናንተ ካርቶን ነው የገዛሁት" እያለች ብታለቅስም የሚሰማት አላገኘች። ይርጋ ከመኪና ወደ መኪና እየሄደ መቆለፊያዎቹን ፈታ፤ "አትመኑበት፤ ሌላ እስክሠራ ሰው ይደር ውስጡ" አላቸው። አንዳንዱ ሲፈታለት አመሰገነ፤ አንዳንዱ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳያስገባ ሲጠብቀው ዋለ።

ሂሻም የተመለሰው በማግስቱ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። ፒካፗ ጭቃ ለብሳ፣ ከኋላ ሰው እንደ እንጨት ተደራርቦባት፣ ከወልዲያ መንገድ እያቃሰተች ገባች። ከፊት ወንበር ላይ እናቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ገበየሁ ዱላ ይዞ ሮጠና በሩን ከፈተ። አሮጊቷን ሲያይ ዱላው ሳይነሣ ቀረ።

"ለምን አልጠየቅኸኝም፣ አንተ ሰው?"

"ጠይቄህ ነበር፣ ጋሼ ገበየሁ" አለ ሂሻም። ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። "'መኪናዬ ወደ ወልዲያ አትሄድም' አልከኝ። ሐጂንም ጠይቄ ነበር። እማዬ መራመድ አትችልም፤ በእግር ባመጣት መንገድ ላይ ቀብሬያት ነበር የምመለሰው።"

"በምን ከፈትከው?" አሉ ሐጂ ሲራጅ ከኋላ።

"በቤቴ ቁልፍ። ቁልፉን ሰጥተውኝ የእርስዎን መኪና ስከፍት አንድ ቀን ተሳስቼ የቤቴን ከተትኩት፤ ከፈተ። ለይርጋ ልነግረው እየመጣሁ እቀመጥ ነበር። ከነገርኩት ግን ያስተካክለዋል፤ እናቴ እዚያው ትቀራለች። ዝም አልኩ።"

ከፒካፗ የወረዱት ሰዎች የነገሩት ወሬ ግን ይህን ሁሉ ጸብ ዋጠው። የመድፍ ድምፅ ከወልዲያ ይሰማል፤ ሰው እየወጣ ነው። መርሳም ዕቃዋን ትሰበስብ ጀመር። ገበየሁ ፒካፗን ለመንዳት ሞተሯን አስነሣና አጠገቡ የተኙትን አሮጊት አይቶ ወረደ። "አንተ ንዳት" አለው ሂሻምን፤ ፊቱን አላየውም። "እናትህን አታውርዳቸው።"

ይርጋና ሔዋን ብየዳ ቤታቸውን እንዳለ ትተው ከሐጂ ሲራጅ አይሱዙ ላይ ከሌላው ሰው ጋር ወጡ። ያሳፈረቻቸው ከድጃ ናት። ውርጌሳ ላይ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ቆሙ፤ ዝናብ ጀመረ። ሐጂ ሲራጅ ከጋቢናው ወርደው በጭቃው ወደ ኋላ መጡ፤ ይርጋን በስሙ ጠሩት።

"ይርጋ፣ አፉ በለኝ። ዓይኔ ሰውን ሁሉ ሌባ አድርጎ ነው የሚያየው። ጦርነቱ ነው።"

"አፉ ብያለሁ፣ ሐጂ" አለ ይርጋ። ሐጂ በጭቃው ወደ ጋቢናው ተመለሱ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሔዋን ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። "ከልብህ ነው?"

ይርጋ ዝናቡን ከፊቱ ጠረገ። "በመኪናቸው ተጭኜ፣ ሚስታቸው አስፈትታኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ? ከልቤ መሆኑን ግን ገና አላወቅሁም።"

"እኔንስ? እኔም ጠይቄህ ነበር።"

"አንቺ ጠየቅሽኝ" አለ። "እነሱ ግን ፈረዱብኝ።"

ሔዋን የጭነቱን መሸፈኛ ላስቲክ ጫፍ ስባ ለሁለት ተከናነቡት። አይሱዙው በመኪናዎቹ ሰልፍ መሐል ቀስ እያለ ወደ ደሴ አዘገመ።