የተነሡት እጆች

ሆቴሉ ፊት ለፊት የቆመው የእንጨት መድረክ ገና ትናንት የተሠራ ነው። ሳይላስ ትሬሜይን መደገፊያውን ሲይዝ የጣውላው ሙጫ መዳፉን ያዘው። ጣውላው ከራሱ መጋዘን የወጣ ነው። በዚህ ወደብ ከሚስማር እስከ ሻይ ቅጠል ከእሱ መጋዘን ያልወጣ ነገር የለም። አሁን ደግሞ ሕዝቡን ወክሎ ሲድኒ ፓርላማ መግባት አምሮታል።

«ስኳርህ ውስጥ ያለውን አሸዋ ለፓርላማውም ትወስድላቸዋለህ?» ብሎ ጮኸ አንዱ ከመሃል።

«አሸዋው በነጻ ነው፤ የማስከፍለው ስኳሩን ብቻ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። የእህቱ ባል ፓስኮ ከኋላ ጠጋ ብሎ «እንዲህ ነው እንጂ! ሳቁልህ ማለት መረጡህ ማለት ነው» አለው።

ሳይላስ አልሳቀም። ከሰው ራስ በላይ ባሕሩ ይታየዋል። ዛሬ ጸጥ ብሏል።

ባለፈው ወር እንዲህ አልነበረም። ወደ ለንደን የምትሄደው መርከብ ከወደቡ ውጭ ቆማ የሳይላስን የበግ ሱፍ በጀልባ እስኪያደርሱላት ትጠብቅ ነበር። ጀልባ መሪው ዴኒስ ታሊ በማለዳ ሱቁ ደጃፍ መጥቶ «ጌታዬ፣ ዛሬ ባሕሩ አያስወጣም» አለ። ሳይላስም ከወንበሩ ሳይነሣ «ከፈራህ ሌላ ሰው አላጣም» አለው። ዴኒስ ባርኔጣውን አጥልቆ ሄደ። ከቀዛፊዎቹ ጋር ወጣ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። በኋላ የአደጋው አጣሪዎች ሲቀመጡ አንድ ሰው ጀልባ መሪው ሰክሮ ነበር አለ። ሳይላስ እዚያው ተቀምጦ ዝም አለ፤ ዝምታውም እንደ ምስክርነት ተቆጠረለት።

አሁን ሕዝቡ መሃል ለመሃል ተከፈለ። የዴኒስ ሚስት ሆኖራ ነበረች። ያላትን አንድ ቀሚስ ጥቁር ነክራው ቀለሙ አንገቷን አጥቁሮታል። ሴት ድምፅ አትሰጥም፤ ዕጩ በሚቀርብበት ቀን ግን የጠየቀ ሁሉ መልስ ያገኛል፤ ሳይመልስ ከመድረክ የሚወርድ የለም።

«ሚስተር ትሬሜይን» አለች፤ «ልጄን ትምህርት ቤት የሰካራም ልጅ እያሉ ያስለቅሷታል። ያን ጠዋት ዴኒስ ጠጥቶ ነበር?»

ተፎካካሪው ጠበቃ ክሮምቢ ከወንበሩ ወደ ፊት አጎነበሰ። ሳይላስ አልጠጣም ቢል ቀጣዩን ጥያቄ ያውቀዋል፤ ታዲያ በዚያ ማዕበል ማን አስወጣው?

«ሳይላስ» አለ ፓስኮ በሹክሹክታ፤ «የሞተ ሰው አይመርጥም።»

«ወይዘሮ ታሊ» አለ ሳይላስ፤ ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው። «ሐዘንሽ የሁላችንም ሐዘን ነው። ዴኒስ ደግ ሰው ነበር። ግን ድካም የሌለበት ሰው የለም።»

ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። ሆኖራ አላለቀሰችም።

«ደጅዎ ላይ ቆሞ አነጋግሮዎታል» አለች። «ትንፋሹን ያውቁታል።»

ይህን ብላ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ቀረች።

አስመራጩ ቸኩሎ ተነሣ። «ሳይላስ ትሬሜይንን የምትደግፉ፣ እጃችሁን አንሡ!»

እጆች ተነሡ። ወፍራም፣ ቀጭን፣ ጣቱ የጎደለ፤ ሁሉም ተዘርግተው፣ ወደ ሰማይ። ሳይላስ መደገፊያውን ጨበጠ። ያን ቀን በሩቅ ማያ መነጽር ያየውን ለማንም አልተናገረም። ጀልባዋ ከተገለበጠች በኋላ የሰዎቹ እጆች ከማዕበሉ በላይ ልክ እንዲህ ተነሥተው ነበር።

«ከፍ አድርጉ!» አለ አስመራጩ። «ልያቸው!»

ከፍ አደረጉ።

«አለቀ! አሸንፈሃል!» ፓስኮ ትከሻውን መታው። «ባርኔጣህን አንሣና አመስግን እንጂ፣ ሕዝቡ እየጠበቀህ ነው።»

ከታች እጆቹ መውረድ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ከዳር፣ ቀጥሎ ከመሃል፣ አንድ በአንድ።

«አታውርዱ» አለ ሳይላስ።

ከፓስኮ በቀር የሰማው አልነበረም።