ላዚምና ሉዙም

ሬሕማ ባዶውን ሰማያዊ በኻኽ ነቅነቅ አድርጋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። በአፍ የሚሳብ የትንፋሽ መድኃኒት ነው።

"ዶክቶራ፣ ሌላ ስጪኝ። ቶሎ በይልኝ፤ መዳም ከቀትር እንቅልፏ ሳትነሳ መድረስ አለብኝ።"

ፋርማሲስቷ ሰልሰቢል ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቀን አየች። ካርቱም የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ሁሉ እሷን ብለው ይመጣሉ፤ አማርኛዋ ግን ወንድና ሴት አይለይም።

"ኻልቲ፣ ይሄ ሚተይን፣ ሁለት መቶ ጊዜ ይሳባል። በሃያ ቀን እንዴት ጨረስክ?"

ሬሕማ ግራ ገባት። እመሰገናለሁ ስትል ጭራሽ እንደ ሌባ ተጠየቀች።

"የታዘዝኩትን ነዋ። ሆስፒታል ላዚም ነው አሉኝ። ከአምስቱም ሰላት ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ እስባለሁ። ወላሂ አንድ ቀን አላጓደልኩም።"

"ሁለተኛው፣ ሐምራዊው በኻኽስ?"

"እሱን ጠዋትና ማታ ነበር ያሉኝ። ስቤ ባየው ምንም አላለኝም፤ ለክፉ ቀን ብዬ አስቀመጥኩት።"

"በክፉ ቀንስ?"

"በክፉ ቀንም ምንም አላለኝ።"

ሰልሰቢል ሳቋን ዋጠች። "ሰማያዊውን ሲሰጡህ ምን አሉህ? ቃሉን በደንብ ንገረኝ።"

"ኢንደል ላዚም።"

"ኢንደል ሉዙም ነው፣ ኻልቲ። ላዚም ግዴታ ነው። ኢንደል ሉዙም ግን... በአማርኛ እንዴት ይባላል... ሲፈልግህ።"

"ማን ሲፈልገኝ?"

"ትንፋሽ። ላ፣ ላ... አንተ ስትፈልገው።"

"ሲያስፈልገኝ?"

"አይዋ። ሲያስፈልግህ።"

በሬሕማ አይፈረድም። ሃያ ዓመት ሙሉ ላዚም ሲባል የኖረ ጆሮ ነው። መጥረግ ላዚም፣ ማጠብ ላዚም፣ ዝም ማለት ላዚም። የሚያስፈልጋትን የጠየቃት ስለሌለ ቃሉን ከየት ታውቀዋለች?

"ላዚሙ ሐምራዊው ነው" አለች ሰልሰቢል። "ቶሎ አይሰማህም፤ ቀስ ብሎ ነው ሳንባህን የሚጠብቅ። ጠዋት ለሱብሒ፣ ማታ ለዒሻ ዉዱእ ልታደርግ ስትል መጀመሪያ እሱን ትስባለህ። ከዚያ ዉዱእ ላይ ስትጉመጠመጥ አፍህን ያጥብልሃል፤ ካልታጠበ አፍ ያቆስላል። ያላ፣ አሳየኝ።"

ሬሕማ ትንፋሿን አስወጥታ በመለማመጃው በኻኽ ቀስ ብላ ሳበች፤ ትንፋሿን ይዛ እስከ አስር ቆጥራ ለቀቀች። ሁለቴ ተሳሳተች፤ በሦስተኛው ሰልሰቢል "ተማም" አለቻት።

"ሰማያዊው ደግሞ ሁሌ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ደረጃ ላይም፣ ወጥ ቤትም፣ ትንፋሽ እምቢ ሲልህ እዚያው ትስባለህ።"

"ሰው ፊት?"

"ሰው ፊት።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሬሕማ ግን መድኃኒቱንም ጭምር ነው የደበቀችው። ሰላት ለመደበቅ ይመቻል፤ ለዉዱእ መታጠቢያ ቤት ስትገባ በር ተዘግቶ ማንም አያይም። ከእሷ በፊት በቤቱ ትሠራ የነበረችውን ፋሪሃን መዳም ሁለት ቀን ብትስል "ሱል ይዟታል፣ የሳንባ ነቀርሳ አለባት" ብላ ሻንጣዋን ከበር አስቀምጣላታለች። የሬሕማም ሥራ ከሄደ ማደሪያዋ አብሮ ይሄዳል። በቀጠሮ የሚሳበውን መደበቅ ይቻላል፤ ሲያስፈልግ የሚመጣውን ግን እንዴት?

"ደረቴ የጠበበው በጭስ ነው ብሎኛል ሐኪሙ" አለች። "አይተላለፍም አይደል?"

"አይተላለፍም። መዳምህ ከጠየቀች እኔ ጋ ትደውል።"

አዲሱን በኻኽ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከታ በፀሐይ እየተጣደፈች ሄደች። ቤት ስትደርስ መዳም ተነሥታ ደረጃው አናት ላይ ቆማለች።

"ያ ሬሕማ፣ ወይኒክ? የት ነበርሽ?"

መልስ ልትሰጥ ብላ ስትወጣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ትንፋሿ ቁርጥ አለ። እግሯ እንደ ልማዱ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ዞረ። ገና የአስር ሰላት እንኳ አልደረሰም።

ቆመች። ሰማያዊውን ከኪሷ አውጥታ ነቀነቀችና መዳምን እያየች ሳበች። መዳም ዓይኗን አፍጥጣ "ይሄ ምንድን ነው?" አለች።

ሬሕማ ትንፋሿን ይዛ ስትቆጥር ገና አራት ላይ ነበረች። ጣቶቿን ሰብስባ እጇን ከፍ አደረገችና በምልክት "ቆዪ" አለቻት፤ በልቧ አምስት ብላ መቁጠሯን ቀጠለች።