በእናቷ መስኮት ብርሃን

ባልደረቦቿ «ቀቢዋ» ይሏታል። ብሩሽ ይዛ ግን አታውቅም፤ ሥራዋ ያለ ሾፌር ለሚሄድ አውቶቡስ ማየት ማስተማር ነው። በአውቶቡሱ ግንባር ላይ ያለው ካሜራ የሚልከውን ምስል ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው፣ «ኔትወርክ» የሚባል ከምስል የሚማር ፕሮግራም ነጥብ በነጥብ ይቀባዋል፤ አስፋልቱን ግራጫ፣ ሰውን ቀይ፣ መኪናን ሰማያዊ፣ ዛፍን አረንጓዴ። ችግሩ ሁሉን አውቃለሁ ባይ መሆኑ ነበር። ከጭነት መኪና የወደቀ ፍራሽ መንገድ ላይ ቢያይ፣ ስሙን ስለማያውቀው አስፋልት ነው ብሎ ግራጫ ይቀባውና ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ ቀለም ተጨመረለት፤ ሐምራዊ። ትርጉሙ «ይሄን አላውቀውም» ማለት ነው።

አለማወቅን ለማስተማር ግን የማይታወቅ ነገር ያስፈልጋል። ቁምሳጥን ደግሞ በየቀኑ መንገድ ላይ አይወድቅም። ቀቢዋ መላ መታች። የእናቷን ቤት ዕቃ አንድ በአንድ በሳሎኑ መስኮት አጠገብ እያስቀመጠች ፎቶ አነሳች፤ ከዚያ በኮምፒውተር ዙሪያቸውን እየቆረጠች መንገድ የሚያሳዩ ምስሎች ላይ ለጠፈቻቸው። የካውያ ጠረጴዛው ድልድይ መሃል ቆመ። ሳፋው መስቀለኛ መንገድ ላይ ተንሳፈፈ። መደገፊያው የተላጠው የሟች አባቷ ወንበር፣ ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ብቻውን ተቀመጠ።

«ቤቴን አውጥተሽ አውራ ጎዳና ላይ በተንሽው!» አለች እናቷ ምስሎቹን ስታይ። «ድስቴንስ መኪና አልገጨውም?»

«ድስትሽ ማድ ቤት ነው ያለው እማዬ።»

«ይሁን። የአባትሽን ወንበር ግን ከዝናቡ አንሺው።»

ኔትወርኩ ትምህርቱን ቶሎ ያዘ። ለፈተና ለይታ ባስቀመጠችለት ምስሎች ላይ የተለጠፈውን ዕቃ ሁሉ ሐምራዊ ቀባ። አለቃዋ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ በእውነተኛ መንገድ ላይ፣ እንግዶች ባሉበት፣ ሰኞ ይሞከር አሉ። ለጥንቃቄ በሾፌሩ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ነበር። እንግዶቹ «ሰው ረድቶት ነው» እንዳይሉ እጁን ከመሪው፣ እግሩን ከፍሬኑ እንዲያነሳ ታዟል። በሙከራው ላይ መንገዱን የሚዘጋው ከባድ ነገር ምን እንደሆነ ለማንም አልተነገረም።

«ተኝቼ ነው የምሄደው» አለ ወንድሟ እሑድ ምሳ ላይ። «እየተኛ ደመወዝ የሚበላ ሾፌር ከእኔ በፊት አልተፈጠረም።»

«አንተ ደግሞ! ዝም ብለህ ብላ» አለችው እናቱ።

ከምሳ በኋላ ቀቢዋ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ሳታስበው ወሰዳት። በህልሟ ማለቂያ በሌለው ሰፊ መንገድ ላይ ትሄዳለች። ዕቃዎቹ ሁሉ በዚያ አሉ፤ ሳፋው፣ ሻንጣው፣ ቁምሳጥኑ፣ ወንበሩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ እነሱ ግን ከቁብ አልቆጠሯትም። ሁሉም በግራ ጎናቸው ብቻ ለስለስ ባለ ነጭ ብርሃን ፈክተዋል። ወንድሟ በአውቶቡሱ እየመጣ ለእያንዳንዱ ይቆማል፣ እጅ ይነሳል፣ ያልፋል። ከዚያ ከመንገዱ ዳር አንድ ነገር ተነስቶ መሃል ገባ። ምንነቱ አይለይም፤ አናቱ ግን በፀሐይ ያበራል፣ ከሥሩም አጭር ጥላ አለው። አውቶቡሱ አላየውም። ልትጮህ አፏን ከፈተች።

ስትነቃ እናቷ በአባቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። የመስኮቱ ብርሃን ግራ ጉንጯ ላይ አርፏል፤ ለስለስ ያለ፣ ነጭ። ቀቢዋ ትክ ብላ አየቻት።

«ምነው? ጭራቅ ያየሽ መሰልሽ» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ እስቲ ተነሺልኝ።»

ከወንድሟ ጋር ወንበሩን ተሸክመው አወጡና ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ አስቀመጡት። በስልኳ ፎቶ አነሳችውና ለኔትወርኩ ሰጠችው። ወንበሩ ከነመደገፊያው ግራጫ ሆነ። በኔትወርኩ ፊት ባዶ አስፋልት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ የተነሳውን የዚያኑ ወንበር ፎቶ በዚያው መንገድ ላይ ለጠፈችው። ወዲያው ሐምራዊ ሆነ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ወንድሟ። «ይሄ ነገር የሚያውቀው እንግዳ ዕቃን ሳይሆን የእማዬን መስኮት ነው በይኛ።»

«አዎ። የዚያ መስኮት ብርሃን ያላረፈበት ነገር ሁሉ ለእሱ መንገድ ነው።»

ወንድሟ ከፍሬኑ እንዲያነሳው የታዘዘውን ቀኝ እግሩን አየት አደረገ።

ሰኞ ጠዋት አለቃዋን አውቶቡሱ አጠገብ አገኘቻቸው፤ አዲስ ክራቫት አስረዋል። ነገሩን ከህልሟ ጀምራ ነገረቻቸው።

«ህልም አይተሽ ነው ሙከራው ይቅር የምትይኝ? ህልም እንደ ፈቺው ነው ልጄ።»

«ፈቺው ይኸው ጋሼ» ብላ ሁለቱን ወንበሮች፣ ግራጫውንና ሐምራዊውን፣ ጎን ለጎን አሳየቻቸው።

ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ። «ፈተናውን ግን አልፏል እኮ።»

«የፈተናውም ዕቃ የተነሳው እዚያው መስኮት አጠገብ ነው። ራሴ አስተምሬ ራሴ ፈተንኩት።»

የእንግዶቹ መኪኖች በበሩ መግባት ጀመሩ። «ለእነዚህ ሰዎች ታዲያ ምን ልበላቸው?» አሉ አለቃዋ ወደ በሩ እያዩ።

ወንድሟ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሆኖ «ገና አናውቅም ይበሏቸዋ» አለ። «ማሽኑን ይህችን ቃል ለማስተማር አይደል የምንለፋው?»

አለቃዋ በዓይናቸው ሊበሉት ደረሱ። ቀጥሎ ክራቫታቸውን ላላ አድርገው ወደ እንግዶቹ ሄዱ። ምን እንዳሉ አልተሰማም፤ እንግዶቹ ግን ቅር እያላቸው ተመለሱ። እሷንም እስከ ምሳ ድረስ አላነጋገሯት። ከምሳ በኋላ መጥተው፣ ጠረጴዛዋን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ «ስንት ሰው ልስጥሽ?» አሏት።

ከዚያ ወዲህ የእናቷ ቤት ወደ ውጭ ወጣ። ዕቃዎቹ በጠዋት ፀሐይ፣ በቀትር፣ በደመና፣ በዛፍ ጥላ ሥር ፎቶ ተነሱ። ጎረቤትም የተሰበረ ጃንጥላ፣ ያረጀ አልጋ እያወጣ አዋጣ።

«ቤት ልትለቁ ነው እንዴ?» አለች አንዲት መንገደኛ።

«የለም» አለች እናት፤ «ዕቃው ፀሐይ መሞቅ አምሮት ነው።»

ካፊያ የጀመረ ዕለት እናቷ ላስቲክ ይዛ ወደ ወንበሩ ሮጠች። አጠገቡ ስትደርስ ቆመች፤ ልጆቿን አየች፣ ላስቲኩን አጣጠፈችው። «ይራስ» አለች። «አባታችሁም ቢሆን ለልጆቹ አይሰስትም ነበር።»

የሙከራው ቀን አለቃዋ ራሳቸው ወንበሩን መንገዱ መሃል አስቀመጡ። ፀሐይ በአንድ ወገን፣ ደመና በሌላው ነበረ። አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ፤ እየቀረበ መጣ። ቀቢዋ ኔትወርኩ የሚቀባውን የሚያሳየውን ስክሪን ማየት አቅቷት የወንድሟን ፊት ብቻ ታያለች። ደመናው ፀሐይዋን ሸፈነ፤ የወንበሩ ጥላ ጠፋ። አውቶቡሱ ዝግ አለ፣ ተነፈሰ፣ ከወንበሩ ራቅ ብሎ ቆመ። ወንድሟ ሁለት እግሮቹን ከመሪው በላይ ሰቅሎ በመስታወቱ አሳያቸው።

ሰው ሁሉ ሲስቅ እናቷ ቀስ ብላ ሄዳ፣ በአውቶቡሱ ፊት፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እኔንስ ምን ቀባኝ?» አለች።

ቀቢዋ አሁን ስክሪኑን አየች። በግራጫው መንገድ መሃል ሐምራዊ ወንበር፣ በላዩ ላይ ትንሽ ቀይ ሴት።

«አንቺንማ ያውቅሻል እማዬ።»