ለቅሶ ላይ የተሰጠ ቃል

ወንድሜ ያቤጽ የሞተው ልምምድ ላይ ነው። ማንም አልነካውም። ኳስ ሊያቀብል ዞረ፣ ተንበረከከ፣ ከዚያ በፊቱ ተደፋ። ጓደኞቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀልደኛ ስለነበር አልፈርድባቸውም።

ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ታቦር ተራራ ሥር ካለው አቧራማ ሜዳ ተነስቶ የሐዋሳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አማካይ ሆነ። የሚጫወተው በግራው ብቻ ነው፤ ቀኙን "እሱ ለመራመጃ ነው" ይል ነበር። ለወጣት ብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ የሄደ ጊዜ የባጃጅ ሾፌሮች በነጻ ካልወሰድንሽ እያሉ እኔን እህቱን መንገድ ላይ ያስቸግሩኝ ጀመር። ገና ብዙ ይቀረው ነበር። እናታችንም እንደሱ በወጣትነቷ በድንገት ነው ያለፈችው። ያኔ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ የጌታ ፈቃድ ነው ተባለና ተቀበረች።

በቀብሩ ማግስት የክለቡ ሰዎች ድንኳን ገብተው ስምንት ቁጥር ማልያውን ለአባቴ አስረከቡ። አባቴ አቶ ደረሰ መሃል ከተማ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ናቸው። ብለው የሚቀሩ ሰው አይደሉም። ማልያውን ይዘው ቆሙና "ይህ ልብስ መሬት አይወድቅም፤ ታናሹ ይለብሰዋል" አሉ። ለቀስተኛው አሜን እያለ አለቀሰ። ታናሹ ኢያኤል፣ የዚያው ክለብ የተስፋ ቡድን ተጫዋች፣ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አላለቀሰም። እጄን ያዘኝ፤ መዳፉ በላብ ርሷል።

ብዙም ሳይቆይ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም አስጠራን። የያቤጽ የልብ ጡንቻ ከልክ በላይ ወፍሮ ነበር፣ በሽታው በዘር ይተላለፋል፣ ወንድምና እህቱ ሳይመረመሩ እንዳይሮጡ አለ። እኔ ተመርምሬ ነጻ ሆንኩ። የኢያኤል ቀጠሮ ግን ሰኞ ነበር፤ ክለቡ ያዘጋጀው የያቤጽ መታሰቢያ ግጥሚያ ደግሞ እሑድ።

"ይህን ጨዋታ ይለፈው፣ አባባ" አልኳቸው።

"በሰው ፊት ቃል ሰጥቻለሁ፣ ሮሆቦት። ጌታ ሁለቱንም አይወስድብኝም።"

"ለያቤጽም እኮ ሲጸልዩለት ነበር።"

ኢያኤልን ብለምነው "አባባ ካሉ እጫወታለሁ" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ይሉኝታችሁ ገደል ይግባ ብዬ በሩን በላያቸው ላይ በኃይል ዘጋሁት። ፍርሃቴ ከቁጣዬ ይበልጥ ነበር፤ እነሱ ያዩት ግን ቁጣዬን ብቻ ነው።

እሑድ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። ኢያኤል ሲሮጥ እፈራለሁ፤ ሲቆም ደግሞ ይብስብኛል። ማልያው ሰፍቶታል። ኳስ በነካ ቁጥር ሕዝቡ "ያቤጽ! ያቤጽ!" ይላል። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን በሕይወት ያለ ልጅ በሟች ስም ሲጠራ መስማት ከበደኝ።

ከዕረፍት በኋላ ኢያኤል መሐል ሜዳ ላይ ቆመ። ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። ደክሞት ይሁን ሌላ፣ ከሩቅ አይታወቅም።

ዞር ስል አባቴ ወንበራቸው ላይ የሉም። ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ መስመሩን አልፈው ወደ ሜዳው እየገቡ ነው። ኳሱ ገና እየተንከባለለ ነበር። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። አባቴ ልጃቸው ጋ ደረሱና ማልያውን ከታች ይዘው ወደ ላይ ሳቡት፤ ኢያኤልም ልብስ እንደሚቀየርለት ሕፃን እጆቹን አነሳላቸው።

"ቃሌን አጥፌያለሁ" አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። "የፈለገ ይሳቅብኝ።"

ማንም አልሳቀም። ከኋላዬ አንድ ሰው አፏጨ፣ ሌላው ዝም አሰኘው። እኔ ወደ ሜዳው እየሮጥኩ ነበር።

በባጃጅ ወደ ታቦር ስንመለስ ኢያኤል የአባቴን ኮት ደርቦ በመካከላችን ተቀመጠ። "በጣም ፈርቼ ነበር፣ አባባ" አላቸው። አባቴ እጃቸውን ኮቱ ውስጥ አስገብተው መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ፤ መንገዱን ሙሉ አላነሱትም። ላጽናናቸው ብዬ እኔም እጄን ጨመርኩበት።

"በደንብ ይመታል፣ አባባ። ይኸው።"

"ያቤጽም የዚያን ቀን ጠዋት ሲወጣ አቅፎኝ ነበር" አሉኝ። "የእሱም በደንብ ይመታ ነበር።"