ለማይደክሙት የተደነገገ ዕረፍት

ጥበብ ወዳድ፣ ምስጢር ፈላጊ አንባቢ ሆይ፤ ዘመናትን በመዓልትና በሌሊት ከፍሎ ያጸና አምላክ ለፀሐይ እንኳ መግቢያ ሠርቶላት ሳለ፣ ትጉህ ነኝ ባይ የሰው ልጅ ግን ከእጁ የወጣች ደቂቃ ሁሉ የተሰረቀች እየመሰለችው ዕረፍትን እንደ ሌባ ሲያሳድዳት ይኖራል፤ በመጨረሻም እርሷ ሳትደክም አሳዳጁ ይወድቃል።

በሐይቅ ዳር በተቆረቆረችው በደብረ ጽሞና ከተማ፣ የዓለም ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው ቼዝ የሚጋጠሙበት ታላቅ ውድድር በተጠራ ጊዜ፣ የግጥሚያውን ሰዓት እንዲደለድሉ የተመረጡት መሪጌታ እንቍባሕርይ ነበሩ፤ በባሕረ ሐሳብ አጽዋማትንና በዓላትን ሲያወጡ የኖሩ፣ ጨረቃ እንኳ ሳታማክራቸው አትወጣም የተባለላቸው ሊቅ። ነገር ግን ልባቸውን ፍርሃት ይዞታል፤ የውድድሩ አዳራሽ ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተለቀቀ፣ የእሑዱ የአንድ ልጃቸው የፍሬሕይወት ሰርግ ሜዳ ላይ ሊቀር፣ እርሳቸውም በኩሩዎቹ የሙሽራው ዘመዶች ፊት አንገታቸውን ሊደፉ ነው። ስለዚህ «ብረት አይርበው፣ አይተኛ!» ብለው ምሳውን ሰረዙ፣ የከሰዓቱን ፋታ ፋቁ፣ ግጥሚያን በግጥሚያ ላይ ደረቡ። የዘነጉት ነገር ቢኖር፣ ኮምፒውተሩ ያሰበውን ከስክሪኑ አንብቦ በሰሌዳው ላይ ጠጠር የሚያንቀሳቅስለት ሥጋ ለባሽ መኖሩን ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትብለጥ ገና ከጅምሩ «መሪጌታ፣ እንግዳ ጠርተው ምሳ የከለከሉ የመጀመሪያው ሰው ሊሆኑ ነው እኮ!» ብለው ተሳልቀውባቸው ነበር።

ዓርብ ከቀትር በኋላ መዓቱ ወረደ። ከአጽናፍ እስከ አጽናፍ የመጡት እንግዶች ዐይናቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ወገባቸው እንደ ቀስት ጎብጦ፣ ማንኮራፋታቸው ሐይቁን ተሻግሮ ጉማሬዎቹን «ማን ነው የሚፎክርብን?» አሰኝቶ ሳለ፣ አንዱ አርጀንቲናዊ በእንቅልፍ ልቡ እጁን ሰድዶ የጎረቤቱን ንጉሥ ከሌላ ሰሌዳ ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተው። ንጉሥ የጠፋበት ጮኸ፤ ዳኞች ተሟገቱ፤ ሙግቱም ከምሳና ከፋታ የተቆጠበውን ጊዜ ሁሉ ውጦ ገና አፉን እንደ ከፈተ መሸ።

የዘገየውን ግጥሚያ ሌሊቱን ሲያሟሉ አድረው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የዋንጫው ግጥሚያ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የህንዳዊቷ የሱሺላ ኮምፒውተር ከሃንጋሪያዊው ከላስሎ ኮምፒውተር ጋር። ጨዋታው መሐል ላይ ሲደርስ ግን ሁለቱም ባለቤቶች ግንባራቸውን ሰሌዳው ላይ ጥለው ተኙ። መሪጌታ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሲያማርሩ፣ ወይዘሮ ትብለጥ ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በመሶብ አስሸክመው ደረሱ።

«እስቲ ይንገሩኝ፣ መሪጌታ፤ ዕድሜዎን ሙሉ አጽዋማት ሲያወጡ፣ ፋሲካ የሌለው ሁዳዴ አውጥተው ያውቃሉ?»

«ኧረ በስመ አብ! ከቶ እንዴት ይሆናል?»

«ታዲያ ለእነዚህ ምስኪኖች ምነው ጾሙን ብቻ አወጁባቸው?»

ሊቁ በገዛ ትምህርታቸው ተመቱ። ተጋጣሚዎቹን ቀስቅሰው፣ ተራው የሱሺላ ኮምፒውተር ስለ ነበረ፣ ሰዎቹ በልተውና አርፈው እስኪመለሱ ብቻውን እንዲያስብ ደነገጉ። ላስሎም «ሺህ ዓመት ያስብ! ብቻ እኔ ጋደም ልበል!» ብሎ ፈቀደ። ሁሉም ወደ ሐይቁ ወረዱ።

መሪጌታ ብቻቸውን ቀሩ። ስክሪኑ ላይ ንግሥቲቱን የሚያሸሽ የፍርሃት እርምጃ ይታያል። ፀሐይ በመስኮት ታዘቀዝቃለች፤ ሜዳ ላይ የቀረች ሙሽራ በዐይናቸው ትመጣለች፤ እግራቸው «ሂድና ጥራቸው!» ይላል፤ እርሳቸው ግን ወንበሩን ጨብጠው ታገሡ። በዚያ ጸጥታ መካከል ያ እርምጃ ከስክሪኑ ጠፋ፤ ሌላ ተተካ፤ ያም ጠፋ፤ በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ንግሥቲቱን ለሞት አሳልፋችሁ ስጡ አለ። መሪጌታ ሰንጠረዥን፣ የአባቶችን ቼዝ፣ ከአባታቸው የተማሩ ናቸውና መጀመሪያ «አበደ!» አሉ፤ ቀጥለው ጣታቸውን በሰሌዳው ላይ እያንዣበቡ መንገዱን ሲከተሉ፣ ከንግሥቲቱ ሞት በስተኋላ የድል ደጆች አንድ በአንድ ሲከፈቱ አዩ። በአንክሮና በተደሞ ጥምጣማቸውን አውልቀው ቆሙ።

እንግዶቹ ጠግበው፣ ጥላ ሥር ተኝተው፣ ፊታቸውን ታጥበው ሲመለሱ ሁሉም ሰሌዳውን ከበቡ። ሱሺላ ንግሥቲቱን ወደ ሞቷ አስገባች። ላስሎ ሰሌዳውን ተመልክቶ «መሸነፌ ገብቶኛል፤ እባካችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አሳዩኝ!» አለ፤ ደግመውም አሳዩት፤ ፀሐይ ግን ገና ከሐይቁ በላይ ነበረች።

በማግሥቱ ፍሬሕይወት በተጠረገው አዳራሽ በእልልታ ስትገባ፣ አባቷ በሙሽራው ዘመዶች መካከል ቀና ብለው ተቀምጠው ነበር፤ ባዶ የተተወችን ሰዓት ሳይፈራ የጠበቃት፣ እርሱ ቀኑን ሙሉ ይወርሳልና።