ኮኩ ሥር ያለው አፈር

ሰዓት ሠሪው ዓምደሚካኤል ዕድሜውን ሙሉ በሁለት ነገር ሲኮራ ኖሯል፤ በእጁና በአፈሩ። እጁን ፒያሳ ያውቀዋል። አፈሩ ደግሞ ከሱቁ ጀርባ፣ ሚስቱ የሺዓለም፣ ነፍሷን ይማርና፣ የተከለችው ኮክ ሥር ያለው ጥቁር አፈር ነው። ጎመን ቢሉ ጎመን፣ ጤና አዳም ቢሉ ጤና አዳም ያበቅላል። የሺዓለም ካረፈች ወዲህ እዚያው ሥር ለርግቦች ጥሬ መበተን ለምዷል፤ አንዷ ነጭማ ከእጁ ላይ ትለቅማለች።

አሁን ሰፈሩ ሊፈርስ ነው። እሱ ወደ ልጁ ቤት ይገባል። አትክልት ተራ ሽንኩርት ስትሸጥ የኖረችው ጎረቤቱ ሀኒፋ ግን አዲስ የተሰጣት ቤት ግቢው ጠጠር ብቻ ሆነባትና አፈሩን ለመነችው። «ውሰጂው፤ እንዲህ ያለ አፈር የትም አታገኚም» አላት፣ እየተጀነነ። አራት ጆንያ ሞልታ በሯ ላይ ደረደረች። የጭነት መኪናው ነገ ጠዋት ይመጣል።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ጸሎት የምትባል ወጣት የአያቷን የእጅ ሰዓት ይዛ መጣች። ሥራዋ ጨረር መለካት ነው።

«አባባ፣ ማሰሪያውን ብቻ ይቀይሩልኝ፤ ውስጡን እንዳይከፍቱት። ቁጥሮቹ የተቀቡት ራዲየም ባለበት ቀለም ነው፤ ጨረር አለው።»

«ይሄ በጨለማ የሚያበራው? የኔ ልጅ፣ ማብራት ካቆመ ስንት ዘመኑ! ሞቷል እኮ።»

«ያረጀው ቀለሙ ነው እንጂ ራዲየሙ አልሞተም። ግማሹ እንኳ እስኪያልቅ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ይፈጃል።»

ዓምደሚካኤል ያን ያህል ዓመት ወደ ኋላ ቆጠረ። ዘጠኙ ቅዱሳን ገና ኢትዮጵያ አልገቡም። ሊስቅ ብሎ ተወው፤ አንድ ነገር ትዝ አለው።

አባቱ ሙያውን ሲያስተምረው አንድ ሕግ ነበረው። ማብራት ያቆመ ሰዓት ሲመጣ ቁጥሩ ተፍቆ እንደ አዲስ ይቀባል፤ ከሰው ሰዓት ላይ የተፋቀ ዱቄት ግን እግር እንዳይረግጠው መንገድ ላይ አይደፋም፤ አፈር ይለብሳል። ዓምደሚካኤልም ሕጉን አንድም ቀን ሳያጓድል ዱቄቱን ኮኩ ሥር ሲቀብር ኖረ። ጨዋነት ነበር የመሰለው።

ልጅቷን ወደ ጓሮ ወሰዳት። ከቦርሳዋ ያወጣችው የጨረር መለኪያ አጥሩ ጋ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ኮኩ ሥር ሲደርስ እንደ ሽሮ ድስት ተንተከተከ። ርግቦቹ እዚያው ይለቅማሉ።

«እዚህ በመቆማችን አንሞትም» አለች ጸሎት ረጋ ብላ። «ክፋቱ ሆድ ከገባ ነው። ሥር ይመጠዋል፤ ትል ይበላዋል፤ ትሉን ወፍ ይበላዋል። ሰውነት ደግሞ ካልሲየም እየመሰለው አጥንት ውስጥ ያኖረዋል። ርግቧ ከጠጠሩ ጋር ከዋጠችው በአጥንቷም በእንቁላሏ ቅርፊትም ይገባል።»

«ትታመማለች?»

«ከበዛባት አጥንቷ ይጎዳል፤ ጫጩቷም እንዲሁ። ስንት እንደገባባት ግን ሳይመረመር አላውቅም። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ከሰዓት መጥተው አፈሩን በጥንቃቄ ያነሡታል። ከዚህ የወጣ አፈር አለ እንዴ?»

«መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ሀኒፋ በሯ ላይ ዕቃ ታስራለች። ዓምደሚካኤል መንገዱን ሙሉ ውሸት ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው።

«ሀኒፋ፣ አፈሩን ተይው። ተባይ አለበት።»

«ተባይ! ጋሼ ዓምዴ፣ ሰጥቶ መንሳት ደግሞ መቼ ጀመሩ? ለልጅዎ ሊወስዱት ነው አይደል? ይንገሩኝ፤ አልቀየምም።»

አዎ ቢላት ነገሩ ባለቀ። ስስታም ተብሎ ይቀር ነበር። ግን ይህች ሴት ከዚያ ጓሮ ጎመን ስትቆርጥ ኖራለች፤ ስለ አጥንቷ ማወቅ አለባት። አፈረ፤ ፈራም። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ዱቄቱን፣ የአባቱን ሕግ፣ መለኪያውን።

ሀኒፋ ከተደገፈችው ጆንያ ላይ እጇን አነሣች።

«ጎመኑን ስንት ዓመት በላሁት?»

«አሥራ አንድ ዓመት። እኔም በልቻለሁ። የሺዓለምም በልታለች።»

የሺዓለም በመጨረሻው ዓመት ወገቤን፣ አጥንቴን ስትል ነው የከረመችው። በዚህ ይሁን በሌላ፣ አሁን የሚነግረው የለም። 

«ዝም ቢሉኝ ማን ያውቅ ነበር?»

«ለርግቦቹ ብነግራቸው አይሰሙኝም። አንቺ ግን ትሰሚያለሽ።»

 «ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፤ እርስዎም፣ እኔም» አለች ሀኒፋ። «አሁን ግን ወፎቹን ማን እየጠበቀ ነው?»

በርጩማዋን አንጠልጥላ ቀድማው ሄደች። ጸሎት ስለ ጆንያዎቹ ስትሰማ መለኪያዋን ይዛ ወደ ሀኒፋ በር አለፈች። ሀኒፋ ኮኩ ትይዩ ተቀምጣ ሻርፗን እያውለበለበች «እሽ!» ትላለች። «እርስዎ በዚያ በኩል ይሁኑ» አለችው። ጋሼ ዓምዴ አላለችውም፤ እሱም እንድትለው አልጠበቀም።

ርግቦቹ ወደ ጣሪያው ወጡ። ነጯ ብቻ ዞራ ተመለሰችና እንደ ልማዷ እጁን ፍለጋ እግሩ ሥር አረፈች።

«እሽ» አላት ዓምደሚካኤል።

አንገቷን ሰበር አድርጋ አየችው፤ አልሄደችም። ጥሬ ይሰጣት የነበረውን እጁን አንሥቶ አባረራት።