ቀለም ያጣው ኩባያ

ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው ውሃ አረንጓዴ ሆነ።

የሙዚየሙ አስጎብኚ መጀመሪያ ኩባያ የተቀያየረ መሰላት። ውሃ አረንጓዴ አይሆንም። የቀይ ጎመን ጭማቂ ሲንጠባጠብበት ወይን ጠጅ መልክ ይይዝና እንደዚያው ይቀራል፣ በቃ። አቼቶውና ሎሚው ይቀላሉ፣ ሳሙናው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ የመጋገሪያ ሶዳው አረንጓዴ ይሆናል። ለሁለት ሁለት ልጅ አምስት ኩባያ ቀርቧል፤ አራቱ "መርዝ" ናቸው፣ አንዱ ንጹህ ውሃ። ንጹሁን ያገኘ ይጠጣል። ጨዋታው ይኸው ነው።

"ሚስ፣ የኛ ሁለት ሶዳ ነው ያለው" አለ የወረቀት ዘውድ ያደረገ ልጅ። "ውሃ አልሰጠሽንም።"

"ቆይ እስቲ ልየው።"

ጎንበስ ስትል አረንጓዴው ቢጫ ሆነ። ወዲያው ቢጫውም ጠፋ። ኩባያው ውስጥ ምንም ያልነካው የሚመስል ጥርት ያለ ነገር ቀረ።

ሶዳ ቀለም ይቀይራል። አያጠፋም።

ስምንተኛ ክፍል ሁሉም የሚያነበው የድሮ ተውኔት አለ፤ የንጉሡን ዋንጫ ቀድሞ ስለሚጠጣ ቀማሽ። ሰውየው ከመጠጣቱ በፊት የአበባ ቅጠል ይነክርበታል፤ የቅጠሉ ቀለም ከተለወጠ ዋንጫውን ይደፋዋል። ይህን ወደ ሙዚየሙ የልጆች ክፍል ያመጣችው እሷ ናት። ሁለት ወር ለምና ነው ያስፈቀደችው። ኃላፊው በተለይ መጨረሻ ላይ መጠጣቱን ወዶት ነበር፤ ለፎቶ ያምራል ብሎ። በተውኔቱ መጨረሻ ቀማሹ ይሞታል። ያንን ገጽ ለልጆቹ አላነበበችላቸውም።

"ሁላችሁም ኩባያ አስቀምጡ" አለች። አልጮኸችም።

"አለቀ እንዴ?"

"አላለቀም። ውሃውን የጠጣ እጁን ያውጣ።"

ከሌሎቹ ጠረጴዛዎች ብዙ እጅ ወጣ። እየዞረች ኩባያቸውን አየች። ወይን ጠጁ ቀለም እንዳለ ነው፤ ደህና ናቸው። ከመታጠቢያው ስር አውጥታ ለየጠረጴዛው አንድ አንድ ጠርሙስ ውሃ ነው ያደለችው።

"ከሦስተኛው ጠረጴዛስ?"

የክፍሉ ትንሿ፣ ሁሉም ሚጢጢ የሚሏት ልጅ፣ እጇን እስከ ትከሻዋ አነሳች።

"እሷ ሳትመረምር ነው የጠጣችው" አለ ባለዘውዱ። "አጭበርባሪ።"

"ቀማሽ ይቀምሳላ" አለች ሚጢጢ። "ደግሞ መዋኛ ገንዳ መዋኛ ገንዳ ይላል።"

ልጆቹ ሳቁ።

አስጎብኚዋ የሦስተኛውን ጠረጴዛ ጠርሙስ ከፍታ አሸተተች። ጉንፋን ከያዛት ሦስት ቀኗ ነው፤ አፍንጫዋ ምንም አይነግራትም። አዳራሹ ራሱ ጠዋት ጠዋት ስለሚወለወል ሁልጊዜ ያው ይሸታል፤ ማንም ልብ አይለውም። ጣቷን ነከረችና ከአውራ ጣቷ ጋር አሸችው። አሟለጫት።

በረኪና።

ቀና ስትል ባለዘውዱ የአቼቶውን ኩባያ አንስቶ ቀለም ያጣው ላይ ሊገለብጠው ነው። እጁን ያዘችው፤ በረኪናና አቼቶ ሲደባለቁ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

"ሲደባለቅ ምን እንደሚሆን ልየው ብዬ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። አስቀምጠው።" ወደ አስተማሪያቸው ዞረች። "ቲቸር፣ ልጆቹ ኮሪደር ይውጡ። አሁኑኑ። ሚጢጢ እኔ ጋ ትቆይ።"

የልጅቷን አፍ ሦስት ጊዜ አጉመጠመጠቻት። አስተማሪው ተመልሶ መጣ። ነገረችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

"እናስመልሳት?"

"አይሆንም። ሲወጣም ያቃጥላል። አውቶቡሱን አስነሱልኝ፣ ሐኪም ጋ ነው የምንሄደው።"

ሮጠ። እሷ ልጅቷን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደች። የአስጎብኚዋ አክስት መወልወያዋን ይዛ እዚያ ቆማለች። አክስቷን የጽዳቱን ሥራ ያስገባቻት አስጎብኚዋ ራሷ ናት፤ ዓመት አልሞላትም።

"ከመታጠቢያው ስር የነበረውን ጠርሙስ አንቺ ነሽ ያስቀመጥሽው?"

"የቱን?"

"አክስቴ።"

"ታዲያ በዚህ ጉልበቴ ጄሪካን ተሸክሜ ሦስት ፎቅ ልውጣ? በጠርሙስ ቀነስኩ። ሁሉም የሚያደርገው ነው።"

"ከሚጠጣው ውሃ ጎን?"

"ትወስጂዋለሽ ብዬ መች አሰብኩ። አንቺስ አይሸትሽም?"

በእጇ የያዘችውን ጠርሙስ ክዳን አጠበቀች።

"ጠጡት እንዴ?"

"አንዷ።"

አክስቷ መወልወያውን ግድግዳ አስደገፈች። ወደ ኋላዋ አየች። "አምጪው ልጠበው።"

"ምን ያህል ነው ያደረግሽበት?"

"ጠብታ ናት።"

"ጠብታ እንዲህ ቀለም አያጠፋም።"

"እኔ እንግዲህ ሳይንስ አልተማርኩ። አምጪው ልጄ። ሁለታችንም ከነገ ጀምሮ ቤት ልንውል ነው?"

አልሰጠቻትም። ስትመለስ ኃላፊው ልጅቷ ፊት ቆሟል። አንድ እጁን ኪሱ ከቷል።

"ሰማሁ" አለ። "ይኸው ደህና ናት። ደህና አይደለሽ፣ ሚጢጢ?"

"ደህና ነኝ።"

"አየሽ? አንድ ጉንጭ ነው። ሁለተኛው ቡድን በር ላይ ነው፣ ለጋሾቹ አብረው መጥተዋል። ጠረጴዛዎቹን አጽዱና ቀጥሉ። አስተማሪውን እኔ አናግረዋለሁ።"

"ምን ሊሉት?"

"ሳሙና ነው እለዋለሁ። ሳሙና በጨዋታው ውስጥ አለ አይደል? ውሸት አይደለም።"

"ሐኪሙ ሳሙና ነው ብሎ ነው የሚያክማት።"

"ማን ሐኪም ጋ ይሂድ አለ?"

ሚጢጢ አንዴ ሳለች። ከዚያ ደገመችው። መዳፏን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ያዘችው፣ የሚወድቅባት ነገር ያለ ይመስል።

"ሚስ፣ ይቆጠቁጠኛል" አለች ዝቅ ብላ። "ግን ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ። ሳትመረምር ጠጣች እንዳትያት።"

"ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።"

"ቀማሹ ግን መጨረሻው ምን ሆነ? አልጨረሽልንም።"

አስጎብኚዋ የልጅቷን ቦርሳ ከመሬት አነሳች። "ነይ፣ እንሂድ። አታውሪ።"

"ከዚህ በር ከወጣሽ" አለ ኃላፊው፣ አሁን እጁ ከኪሱ ወጥቷል፣ "ነገ መምጣትሽ ትርጉም የለውም። ዘመድሽም እንደዚያው። ጠርሙሱ የማን እንደሆነ የማላውቅ እንዳይመስልሽ።"

ጠረጴዛው ላይ የልጆቹ ማርከር ነበር። አንዱን አንስታ ጠርሙሱ ላይ በትልቁ "በረኪና" ብላ ጻፈች። ዛሬ ጠዋት እዚያ ላይ መኖር የነበረበት ይኸው አንድ ቃል ነበር። ጠርሙሱን ይዛ ከሚጢጢ ጋር በበሩ ወጣች።

አውቶቡሱ ተነስቶ ይጠብቃል። ሌሎቹ ልጆች ደረጃው ላይ ተኮልኩለዋል፤ ባለዘውዱ ዘውዱን አውልቆ ይዞታል። አስጎብኚዋ ሚጢጢን የፊተኛው ወንበር ላይ መስኮቱ ጋ አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች። አስተማሪው ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል።

"ሐኪሟ ናት" አለ። "በረኪናው ምን ያህል ውሃ እንዳለበት ትጠይቃለች። ማነው የቀላቀለው?"

አስጎብኚዋ በእሱ ትከሻ ላይ ወደ ውጪ አየች። አክስቷ ከነመወልወያዋ እስከ አውቶቡሱ በር ወርዳለች። ሦስት ፎቅ፣ በዚያ ጉልበቷ። ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፦ እንዳትናገሪ።

ሚጢጢ እንደገና ሳለች። አሁን ቶሎ አላቆመችም።

"ጠብታ አይደለም አይደል?" አለች አስጎብኚዋ በመስኮቱ።

አክስቷ ወደ ደረጃው አየች። ኃላፊው ላይኛው ደረጃ ላይ ቆሟል።

"ግማሽ በግማሽ ነው" አለች አክስቷ። "መሰለኝ። እንጃ፣ ከግማሽ ሳይበልጥም አይቀር።"

አስተማሪው ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ ይጠብቃል። ሾፌሩ በመስታወቱ ያያል።

አስጎብኚዋ ልጅቷን ወደ መስኮቱ አስጠጋቻት። ራሷም ተጠጋች። ወንበሩ ጫፍ ላይ የነበረውን ቦርሳ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

"መወልወያውን እዚያው ተይው፣ አክስቴ" አለች። "ግቢ። ለሐኪሟ አንቺው ንገሪያት።"